ሳምሪ ለራሷ የሰጠችው ሁለት

እማማ የሺወርቅ የልጅ ልጃቸው ለራሷ ማርክ ስትሰጥ ቁጭ ብሎ ማየት አልሆነላቸውም። መምህር ለተማሪው ማርክ ይሰጣል፤ ይሄ ያለ ነው። ሰው ግን ራሱን ፊቱ አስቀምጦ፣ ይሄን እችላለሁ፣ ይሄን አልችልም እያለ ቁጥር ሲያድል በዚህ ዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ነገሩ ምንም ደስ አላላቸውም። እንዲህ ያለ ነገር መዘዝ አያጣም ብለው ፈሩ።

ማክሰኞ ነው፤ ምሳ ተበልቶ ተነስቷል። ዓይናለም ሰፈር ባለችው ሁለት ክፍል ቤታቸው ሳምሪ መስኮቱ ስር ተቀምጣ፣ ጓደኛዋ ኣንዶም ተሸክሞት የመጣው ላፕቶፕ ላይ አፍጥጣለች። ኣንዶም የሒሳብ መምህር ነው፤ ከሳምሪ ጋር አንድ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። እሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ሆነው ያረጀ ሹራብ እየተረተሩ ክሩን ያጠነጥናሉ። እጃቸው ክሩ ላይ ይሁን እንጂ ጆሯቸው ያለው መስኮቱ ጋ ነው።

ሳምሪን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እናቷ እታለም ልጅቱ ገና ክፉና ደግ ሳትለይ ነው የሞተችው። ሳምሪ ባዮሎጂ ተምራ መምህርት ሆነች፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረባቸው በእነዚያ ክፉ ዓመታት እንኳ የሰፈሩን ልጆች እዚሁ ግቢ ሰብስባ ታስተምር ነበር። በኋላ የቀጠራት የግል ትምህርት ቤት ተማሪ አነሰኝ ብሎ ካሰናበታት ወዲህ ግን ቤት ውላ ቤት ታድራለች። አጎቷ በላቸው ይሄን ሰምቶ ከአዲስ አበባ ላከ። የሞባይል ዕቃ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፣ መጥታ ትቁምልኝ፣ እሑድ የሚመለስ የማውቀው ሾፌር አለ ብሎ። ሱቅ መቆም ነውር የለውም፤ እማማ የሺወርቅ ይሄን ያውቃሉ። ደግሞም ያውቃሉ፣ ልጅቱ ማስተማር ያቆመች ዕለት ምግብም ቀንሳለች። የአጎቷ መልእክት ሲነገራት “እሺ” አለች፣ አንዲት ቃል ብቻ። ያቺ “እሺ” ናት እንቅልፍ የነሳቻቸው።

ወዲያው ደግሞ ይሄ የሥራ ማስታወቂያ መጣ። ወደ ቁሓ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አዲስ ድርጅት ተከፍቷል። ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች፣ ለአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ጫኞች፣ ለሆቴል አልጋ አንጣፊዎች አጫጭር ሥልጠና ያዘጋጃል። የሚፈልገው ቆሞ የሚያስተምር ሰው አይደለም፤ ትምህርቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያቅድ ሰው ነው። ኢንስትራክሽናል ዲዛይነር ይሉታል።

“ቤት ከመሠራቱ በፊት ፕላን የሚያወጣ መሐንዲስ አለ አይደል አደይ?” ብሎ ነበር ኣንዶም፣ በትግርኛው ‘እናቴ’ እያለ እንደሚጠራቸው፣ ያስረዳቸው። “እንደዚያ ነው። የትምህርት መሐንዲስ በሉት።”

እማማ የሺወርቅ ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ሰው ናቸው፤ ደብረ ሲና። ትምህርትም መሐንዲስ እንዳለው በዚያን ዘመን የነገራቸው አልነበረም። አስተማሪው ይገባል፣ ይጽፋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ ያልገባው ይገረፋል። አበቃ።

ማመልከቻው ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ክፍት የሚሆነው። መጀመሪያ አመልካቹ ራሱን ይገምግም ይላል፤ በየችሎታው ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ ይስጥ፣ ከሥሩም ማስረጃውን ይጻፍ።

“ሁለት” አለች ሳምሪ፣ ቁልፉን በአንድ ጣቷ እየነካች። “እዚህም... ሁለት።”

“በሓቂ! በእውነት ሳምሪ” አለ ኣንዶም፣ “ሁለት በነፃ ይታደላል ያለሽ ሰው አለ? ከላይ እስከ ታች ሁለት ሞላሽው እኮ።”

“ታዲያ ምን ልበል? በዚህ ሙያ የተሰጠኝ ወረቀት የለኝ። ኮርስ አልወሰድኩበት።”

“ወረቀት ስንት አለሽ አላለሽም። ምን ትችያለሽ ነው ያለሽ።”

“ተዋት አንተ ደግሞ” አሉ እማማ የሺወርቅ ከአልጋው ጫፍ። “ሁለት ምን አነሰው? ሰው ራሱን አምስት ነኝ ይላል እንዴ? ዓይን ውስጥ ለመግባት ካልሆነ።”

“አደይ የሺ፣ ሥራውን የሚሰጡት እኮ ለሁለት አይደለም።”

“ከፍ የሚያደርጓት እነሱ ናቸው። አንተ ልጅ ድግስ ሄደህ አታውቅም?” ክሩን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። “ባሌ ደመላሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ነበር። ቁሓም ተጠራ፣ ከቁሓ ማዶም ተጠራ፣ ድግስ ቤት ሲገባ በሩ ሥር ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ባለቤቶቹ ይመጣሉ። ኧረ ወደ ላይ፣ ኧረ አይሆንም፣ እዚህማ አይቀመጡም ይሉታል። እሱ እዚሁ ይሻለኛል ይላል። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይይዙታል፤ አንዴ የኮቱ ብብት ተተርትሮ እኔ ነኝ የሰፋሁት። ራሱ ሄዶ ላይ የሚቀመጠውን ግን ማን ይስበዋል? ዲግሪዋን ያዩታል፣ ‘ኧረ አንቺማ ሁለት አይደለሽም’ ብለው ያነሷታል።”

ኣንዶም ሊስቅ ፈልጎ ተወው። እሳቸውን ያከብራቸዋል።

“ችግሩ አደይ፣ እዚያ በሩ ላይ ሰው የለም። የመጀመሪያውን የሚያየው ኮምፒውተር ነው። ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ከሦስት በታች የሆነውን ያወጣዋል። ክንድ የለውም የሚስብበት። ይሉኝታም የለው።”

“ማንም ሳያያት?”

“ማንም ሳያያት።”

እማማ የሺወርቅ ይሄን ሲሰሙ እንግዳ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ ባለቤት ሳይመጣ፣ ድግሱ ተበልቶ ሲያልቅ ታያቸው። እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን አያውቁም ነበር። ሁለት በይ ብለው የመከሩትም እሳቸው ናቸው፤ ትናንት ማታ፣ ዛሬ ጠዋትም።

“እንዲህ እናድርግ” አለ ኣንዶም። ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረው። “ደረጃውን ተይው። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ያደረግሽውን ብቻ ንገሪኝ። እችላለሁ አልችልም የለም። አደይ ይፈርዳሉ።”

“እኔ ምን አውቄ እፈርዳለሁ” አሉ እማማ የሺወርቅ። ግን ወንበር ስበው ቀረብ አሉ።

“አንድ። ‘ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት አስቀድሞ ለይቶ፣ ትምህርቱን በዚያ መሠረት ማዋቀር።’ ሁለት ሰጥተሻል። ምን አድርገሻል?”

ሳምሪ ትከሻዋን ነቀነቀች። “ምንም። የልብን ትምህርት ብቻ... ያ ደግሞ ማንም መምህር የሚያደርገው ነው።”

“እሱን ንገሪን።”

“በመጽሐፉ ላይ ልብ ሲሳል ግራው በቀኝ በኩል ነው። ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው ልብ ስለሆነ። ልጆቹ ሁልጊዜ ይገለበጥባቸዋል። አጥብቄ ስነግራቸው ለፈተና ይይዙታል፣ በሳምንቱ ይጠፋል። እና ችግሩ ልቡ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ቁመናው ነው። ሥዕሉ የማን እንደሆነ አላወቁም። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ሥዕሉን ሠርቶ የገዛ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ እንዲያያይዘው አደረግኩ። የሱ ግራ በሱ ግራ ሆነ። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጌ ፊት ለፊት አቆምኳቸው። አንዱ የሌላውን ደረት ሲያይ ተገለበጠ። ለምን እንደሚገለበጥ ራሳቸው አዩት። ከዚያ በኋላ የተሳሳተ የለም። በቃ ይሄው ነው።”

እማማ የሺወርቅ ልጆቹን አስታወሷቸው። ወረቀት ደረታቸው ላይ ሰክተው ግቢውን ሲያተራምሱት ነበር። እሳቸው ደግሞ ጨዋታ መስሏቸው፣ ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ መርፌ ቁልፍ፣ አንዱ ቢወጋስ ብለው ተቆጥተዋቸዋል። ለካ እዚያ ግርግር ውስጥ አንዲት ልጅ ቆማ፣ የእያንዳንዱ ልጅ ሐሳብ የት ጋ እንደሚታጠፍ ታይ ኖሯል። ሰው የሌላውን ራስ ውስጥ እንዲህ ማየት ይችላል? ሳምሪን ቀና ብለው አዩዋት። ያችው ናት፤ ሹራቧ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ጸጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች።

“ማንም መምህር ያደርገዋል ነው ያልሽው?” አለ ኣንዶም። “እኔ መምህር ነኝ። አላደርገውም። ተማሪ ካልገባው ያንኑ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ።”

“ካልገባቸውስ?” አለች ሳምሪ።

“የበለጠ እጮሃለሁ።”

ሦስቱም ሳቁ። ኣንዶም አራት ጻፈ፤ ሳምሪ እጁን ልትይዘው ስትሞክር እማማ የሺወርቅ “ተይው” አሏት። ቃሉ ካፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ገረማቸው።

“ሁለት። ‘ተማሪው በትክክል መረዳቱን ማረጋገጥ።’ እዚህም ሁለት ነው የሰጠሽው። ለምን?”

“ምክንያቱም አላረጋግጥም። መምህሮች ሁሉ ገባችሁ? ብለው ይጠይቃሉ። እኔ አልጠይቅም። ትቼዋለሁ።”

“ለምን ተውሽው?”

“ገባን ስለሚሉ ነው። እዚህ አገር አልገባኝም የሚል ሰው አለ? መምህሩን ላለማድከም፣ ሌላው ፊት ላለማፈር፣ ሁሉም ገባን ይላል። ያ ጥያቄ የሚለካው ዕውቀትን አይደለም፣ ይሉኝታን ነው።”

“ይሄን የት አየሽው? ማስረጃ ጠይቀዋል።”

ሳምሪ ወደ አያቷ ዞር አለችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች።

“ምንድን ነው?” አሉ እማማ የሺወርቅ።

“ምንም ዓባየ። ሌላ ምሳሌ እፈልጋለሁ።”

“እኔን አይተሽ ነው የተውሽው። ተናገሪ።”

“ትቆጫለሽ።”

“ካልተናገርሽ ነው የምቆጣው።”

ልጅቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ እየፋቀች ጀመረች። “ስኳርሽ የተገኘ ጊዜ። ኢንሱሊኑ የታዘዘልሽ ጊዜ። ነርሷ አስረዳችሽ፣ ገባኝ አልሻት። ቤት መጥተን እኔ በትልልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩልሽ፣ አነበብኩልሽ፣ ገባሽ? አልኩሽ። ገባኝ ልጄ፣ ገባኝ፣ አትድከሚ አልሽኝ። በማግስቱ ተወጋሽ? ስልሽ አዎ አልሽ።”

እማማ የሺወርቅ አንገታቸውን ደፉ።

“መድኃኒቱን ከጽድ አጥሩ ሥር ደፍተሽው አየሁ” አለች ሳምሪ በለሆሳስ። “ምንም አላልኩሽም። ፈርተሽ ነበር። እንደፈራሽ ለኔ መናገር ደግሞ አልፈለግሽም፤ እንድጨነቅ አልፈለግሽም። የጻፍኩት ነገር ትክክል ነበር፤ ስህተት አልነበረበትም። ግን አላስተማረም። እና ሌላ መንገድ አሰብኩ። አንቺ አንድ ነገር አትችይም ዓባየ፤ ሰው ሥራ ሲያበላሽ አይተሽ ዝም ማለት።”

ኣንዶም አፉን በእጁ ሸፈነ።

“ከአሮጌ ፍራሽ ላይ ስፖንጅ ቆርጬ፣ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ጨምሬ፣ ‘እኔ ራሴ ልለማመድ፣ አንቺ ዝም ብለሽ እይኝ’ አልኩሽ። ከዚያ ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ቀላሉን፤ ጠርሙሱን ሳላንከባልል ቀዳሁ። አላየሽም፤ ሁለተኛ ቀን አየሽ። አየሩን ሳላወጣ ተውኩ፤ ወዲያው ጮህሽብኝ። ሥጋውን ሳልቆነጥጥ ወጋሁ። መርፌውን ቶሎ ነቀልኩ። አንዱን ስታርሚኝ ያን አስተካክዬ ሌላ እሳሳታለሁ። አንድም አዲስ ነገር አልነገርኩሽም። የነርሷ ነገር ውስጥሽ ነበረ፤ አንቺ ነሽ ያወጣሽው። በመጨረሻ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?”

እማማ የሺወርቅ ያስታውሳሉ። “አምጪው ወዲህ። ዲግሪ ይዘሽ መርፌ መያዝ ያቅትሽ?” ብለው ከእጇ ቀምተው ስፖንጁን ወጉት። በማግስቱ ሆዳቸውን። ፍርሃቱ የት እንደገባ እንኳ ልብ አላሉትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለሰርካዲስ፣ ለእድርተኛው፣ “የኔ ሳምሪ ጭንቅላቷ እሳት ነው፣ እጇ ግን መርፌ አያውቅም፣ ለራሴ ራሴ ነኝ የምወጋው” እያሉ ሲያወሩ ኖረዋል። ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን አላስተባበለችም።

“ሆን ብለሽ ነው?” አሉ።

“ሆን ብዬ ነው።”

“ስፖንጁ ላይ መርፌውን የሰበርሽውስ?”

“እሱ እውነተኛ ነው። እሱን በእውነት ሰብሬዋለሁ።”

ኣንዶም ሳቁ አመለጠው። እሳቸው ግን አልሳቁም። መቆጣት አማራቸው፤ ቁጣውን ፈልገው አጡት። ሰው ተታልሎ እንዲህ ደስ ይለዋል? ደግሞ ማታለልም አይደለም። በራሳቸው እግር የወጡት ዳገት መስሏቸው ነበር፤ አሁን ዞር ብለው ሲያዩ እያንዳንዱ የረገጡት ድንጋይ አስቀድሞ ተመርጦ፣ ተመቻችቶ፣ ለእግራቸው ልክ ተቀምጦ አገኙት። ያስቀመጠው እጅ አልታያቸውም። እንዳይታያቸው ተብሎ ነው። ያን ያህል የሚያውቅ ሰው፣ ይሄን አደረግኩልሽ ሳይል፣ ሞኝ መስሎ ሁለት ዓመት ከሳቸው ጋር አንድ ቤት ይኖራል? ሰውነታቸውን ውርር አደረጋቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታቦት ሲወጣ እንደሚያደርጋቸው ዓይነት ነው። በዚህ በቀትር፣ ቤታቸው ውስጥ፣ በገዛ ልጃቸው ፊት እንዲህ ይሆናል ብለው አስበው አያውቁም።

“ዓባየ? ተቆጣሽ?”

“አልተቆጣሁም። ያ ነው ዲዛይን የሚሉት?”

“መሰለኝ” አለች ሳምሪ። “ስሙን በኋላ ነው ያወቅኩት።”

ኣንዶም አራት ብሎ ሊጽፍ ሲል ሳምሪ ቁልፉ ላይ እጇን ጫነች። “አይሆንም። አንድ ሰው ነው ያስተማርኩት። የቤቴን ሰው። ይሄ ማስረጃ ነው ብዬ ብጽፍ ይስቁብኛል።”

“ማን ይስቃል?” አሉ እማማ የሺወርቅ። ድምፃቸው ጠንከር ብሎ ወጣ። ሲጨነቁ እንዲህ ነው የሚያደርጋቸው፤ አሁን ግን ጭንቀቱ ፊቱን አዙሯል። ቅድም የፈሩት ልጅቱ ከፍ ብላ ዓይን ውስጥ እንዳትገባ ነበር። አሁን የሚፈሩት በሩ ሥር ተቀምጣ እንዳትቀር ነው። “ስኳር ያለበት ሰው መርፌ ፈርቶ መድኃኒቱን ይደፋል። የሚስቅ ሰው ካለ መርፌ አይቶ አያውቅም። ጻፊው። እኔ ለጎረቤት እንደማወራው ሳይሆን አንቺ እንደነገርሽን ጻፊው።”

ጻፈችው። መጀመሪያ በጣም አሳጠረችው፤ ኣንዶም አስጨመራት። ከዚያ “ሦስተኛ፣ ትምህርት ማዘጋጃ ሶፍትዌሮችን መጠቀም” ሲል ሳምሪ ሳትጠብቅ “አንድ” አለች።

“ሁለት በይው እሱንም” አሉ እማማ የሺወርቅ።

“አይ ዓባየ። እሱ አንድ ነው። ከፍቼው አላውቅም።”

“ደሓን፣ ይሁን” አለ ኣንዶም። “ይሄ አንድ አራቶቹን ያሳምንላታል።”

መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ያስተማርሽው አንድ ሰው ስምና ስልክ፤ ዝምድና ካላችሁ ግለጪ። ሳምሪ የልጆቹን ስልክ ፈለገች። አንዱ ቁጥር ዝግ ነው፤ የሌላው ቤተሰብ ከተማውን ለቋል። ሰዓቱ እየገፋ ነው፤ ኔትዎርኩ ደግሞ ይመጣል ይሄዳል። እማማ የሺወርቅ ስልካቸውን ከደረታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“የኔን ጻፊ።”

“አያቴ ናት ብዬ?”

“አያቴ ናት፣ ተማሪዬም ናት ብለሽ።”

ማመልከቻው ሄደ የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ ኣንዶም እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሳምሪ ግን ወንበሯ ላይ እንደ ጨርቅ ተጣጠፈች።

ረቡዕም ሐሙስም የመጣ ነገር የለም። በላቸው ደወለ፤ ሾፌሩ እሑድ በጠዋት ነው አለ። ሳምሪ ልብሷን አጠበች። እማማ የሺወርቅ ስልኩን ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ አይለዩትም።

ዓርብ ጠዋት የሰፈሩ ውሃ ተራ ደርሶ፣ ሳምሪ ጄሪካኖቹን ግቢ አሰልፋ ስትቀዳ፣ ስልኩ ጮኸ። የማያውቁት ቁጥር ነው።

“ከመይ ሓዲርክን አደይ” ብላ አንዲት ሴት በትግርኛ ሰላም አለቻቸው፤ ከዚያ በአማርኛ ቀጠለች። “ሰላማዊ እባላለሁ። ከማሠልጠኛው ነው። ስለ ሳምሪ ልጠይቅዎት ነው። አስተምራዎት ያውቃሉ?”

የእማማ የሺወርቅ አፍ ገና ሳያስቡት ተከፈተ። “ኧረ እሷ ገና ልጅ ናት” ሊሉ ነው። የሚባለው እንዲያ ነው። ሰው ስለ ልጅህ ሲጠይቅህ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ጠያቂው ደግሞ ኧረ እንዲህ አትበል ብሎ ያነሳታል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ሲሉ ኖረዋል። በመስኮቱ አዩ። ሳምሪ ጎንበስ ብላ ቱቦውን ከአንዱ ጄሪካን ወደ ሌላው ታዛውራለች። ይህች ሰላማዊ የምትባል ሴትዮ የሚስብ ክንድ ይኑራት አይኑራት በምን ይታወቃል?

“አስተምራኛለች” አሉ። “እንዴት እንዳስተማረችኝ ያወቅኩት ግን ማክሰኞ ነው።”

“እንዴት ማለት?”

ነገሯት። ነርሷንም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም፣ ከጽዱ ሥር የደፉትንም ሳይደብቁ። ይሄን ለንስሐ አባታቸውም አልተናገሩት። ስፖንጁን፣ ስህተቶቹን፣ ከእጇ መቀማታቸውን። ሲጨርሱ ከወዲያ የወረቀት መንኮሻኮሽ ብቻ ተሰማቸው።

“ሰማሽኝ ልጄ?”

“ሰምቻለሁ አደይ። እየጻፍኩ ነው። ልጅዎ ስለሆነች እንዳልሆነ በምን ልወቅ?”

“የልጄ ልጅ ናት። ለዚያ ነው ዝቅ አድርጌ ልነግርሽ የነበረው። አራት ብላለች፣ ትክክል ብላለች። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ያለችውም ትክክል ነው፤ ባንድ ጣቷ እየለቀመች ነው የምትጽፈው፣ አይቻታለሁ።”

ሴትዮዋ ሳቀች። “እሱን እኛ እናስተምራታለን። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ሻንጣ ጫኞች ናቸው፤ ወገባቸውን ሳይጎዱ ማንሳት እንዲችሉ ነው የምንፈልገው። ነግረናቸዋል፣ ገብቶናል ይላሉ፤ በነጋታው ጎንበስ ብለው ያነሳሉ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ትምጣ። ሦስት ወር ሙከራ ነው፣ ደመወዝ አለው። ለሷ ራሴ እደውልላታለሁ፤ ከፈለጉ ግን አስቀድመው ይንገሯት።”

“ሰኞ?” አሉ እማማ የሺወርቅ። “እሑድ መኪና...”

“ምን አሉኝ?”

“ምንም። ትመጣለች።”

ስልኩን ዘግተው ወደ በሩ ሄዱ። ሌላ ቀን ቢሆን ገና ደፉ ላይ ሆነው፣ እግርሽ ርሷል፣ ይበርድሻል፣ ነጠላ ጫማ አድርጊ ይሏት ነበር። አሁን ቆሙ። ልጅቱ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጥራ፣ ሙሉውን ጄሪካን ልታነሳ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ መሐል ላይ ቆም ብላ፣ የራሷን ጉልበትና ወገብ እንደ ሌላ ሰው ጉልበትና ወገብ አየች፣ ቀና አለች፣ ዝቅ ብላ በእግሯ አነሳችው፤ ቱቦውንም ወደሚቀጥለው ጄሪካን ከተተች። ማንም አልነገራትም። የሻንጣ ጫኞቹን ወሬ አልሰማችም። እንዲያው ነገር ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ልማዷ ነው። እማማ የሺወርቅ ይህችን ልጅ አጥበዋታል፣ አዝለዋታል፣ በኩፍኝ አስታመዋታል። አሁን ግን ገና ሊተዋወቋት እንደሆነ ሰው አፈሩ፤ በምን ቃል እንደሚጠሯት ጠፋቸው።

“ዓባየ? ምነው ቆምሽ? ስኳርሽ ነው?”

“አይደለም።”

“ፊትሽ ተለዋውጧል።”

“ሰኞ ሦስት ሰዓት ቁሓ መንገድ ትፈለጊያለሽ” አሉ። “በላቸውን ደውዬ ሾፌሩ አይጠብቅ እለዋለሁ።”

ሳምሪ ቱቦውን እንደያዘች ቀረች። አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ጄሪካኑ ሞልቶ ውሃው በአፉ ገነፈለ፣ በእግሮቿ መሐል እየተንኳለለ ወደ ጽዱ ወረደ። ዓይናለም ውስጥ ውሃ ሲፈስ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። እነሱ ግን ቆመው አዩት።